ዩዝድ ጌም መሸጥ ነውር ነው ወይ? ለፍኖተ ሰላሙ ልጅ የጻፍኩት ምላሽ

ጥያቄውን ያላያችሁ ስላላችሁ መጀመሪያ አሳጥሬ ላስቀምጠው። የጻፈው ልጅ ከፍኖተ ሰላም ነው፣ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ካለ አንድ ልጅ ፒኤስ ፎር (የሶኒ ጌም ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን 4) ከ6 ሲዲ ጋር ዩዝድ ገዛሁ። ቤት ካስገባሁት በኋላ አንዱ ጌም መሀል ላይ ቀጥ ይላል፣ ማሽኑ ውስጥ ደግሞ በማላውቀው ሰው አካውንት የተጫኑ 11 ጌሞች አሉ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስለሆነ ልሸጠው ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ላንተም ዝም ተብሎ ነው የተሸጠልህ፣ አንተም ዝም ብለህ ሽጠው› ይለኛል። ሌላኛው ደግሞ ዩዝድ ጌም መሸጥ በራሱ የሠሪዎቹን ላብ መብላት ነው ብሎ ይቆጣኛል። ማንን ልስማ?»

ወንድሜ ሁለቱንም አትስማ። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ጌም ማሽን ስጠግን፣ ዩዝድ ሲዲም ስገዛ ስሸጥ 13 ዓመት አልፎኛል፣ በዚህ ሥራ ያየሁትን ጠብና ኩርፊያ፣ ሽማግሌ ፊት የደረሰውንም ጭምር ብትደምረው ዕቃው ዩዝድ ስለሆነ የመጣ አንድም የለም፣ ሁሉም ሻጩ የሚያውቀውን ነገር ሳይናገር በመቅረቱ የመጣ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልህ ታገሰኝ።

ከሁለተኛው ጓደኛህ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ያለው ነገር ከቅንነት የመጣ ነው፣ የደከመ ሰው እንዳይበደል አስቦ ነው። ልክ የሆነበት ነገርም አለ። አንተ ሲዲህን ለምሳሌ ቡሬ ላለ ልጅ ስትሸጥ ጌሙን ለሠሩት ሰዎች 1 ሳንቲም አትደርሳቸውም፣ ይሄ እውነት ነው። ትልልቆቹ ካምፓኒዎችም በዚህ ብዙ አጉረምርመዋል። ኢኤ የሚባለው የፊፋ ጌም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ነገር ጀምሮ ነበር፣ አዲስ ሲዲ ስትገዛ ውስጡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኮድ አለ፣ ዩዝድ የገዛ ሰው ግን ኦንላይን ለመጫወት ኮዱን በ10 ዶላር ለብቻው መግዛት አለበት። ሰው በጣም ጠላው፣ በ2013 ራሳቸው ተዉት።

ግን እስቲ በኛ አገር ነገር አስበው። ሸማኔው ጋቢ ሠርቶ ሸጠልህ፣ ዋጋውን ቆጥሮ ተቀበለ። ከ3 ዓመት በኋላ ጋቢውን ለጎረቤትህ ብትሸጠው ሸማኔው መጥቶ ድርሻዬስ አይልህም፣ ቢልህም ሰው ሁሉ ይገረማል። የሱ ላብ የተከፈለው መጀመሪያ ሲሸጥ ነው። ሲዲም እንደዚያው ነው፣ መጀመሪያ የገዛው ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎበታል፣ አንተ ስትሸጠው ደግሞ ከእጅህ ወጥቷል፣ ከዚያ በኋላ አንተ አትጫወትም። አንድ ሲዲ በአንድ ጊዜ ሁለት ቤት አይጫወትም። ይቺን ያዝልኝ፣ ኮፒ ላይ ስደርስ እመለስባታለሁ።

ይሄ ክርክር ደግሞ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ አሳታሚ መጽሐፉ ላይ «ከ1 ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው» ብሎ አትሞ ነበር፣ ሜሲስ የሚባለው ትልቅ ሱቅ ግን በ89 ሳንቲም ሸጠው፣ ተካሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሱቁ ፈረደ፣ አንዴ ከሸጥከው በኋላ የገዛው ሰው በስንት ይሽጠው የሚለው ያንተ ጉዳይ አይደለም ነው ነገሩ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ በቀጥታ በጌም ጉዳይ የጌም አሳታሚዎች የዩዝድ ሱቆችን ከሰው እ.ኤ.አ. በ2002 እዚያም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዩዝድ ሱቆቹ ፈርዷል። እንግዲህ ጌም ሲሠራ የኖረ አገር ነው፣ ጃፓን። የሠሪዎቹ አገር እንኳ ይሄን ካለ እኛ ፍኖተ ሰላም ላይ ሆነን ራሳችንን ሌባ የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የሆነውንም አስታውሳለሁ፣ ያኔ ሥራውን ገና ስጀምር ነበር። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በ24 ሰዓት አንዴ ኢንተርኔት ካላገኘ ጌም አይጫወትም፣ ሲዲህንም እንደ ድሮው ለፈለግከው ሰው ዝም ብለህ መስጠት አትችልም አለ። ሶኒ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጌም እንዴት ለሰው እንደሚሰጥ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አወጣ፣ አንዱ ሰውዬ ሲዲውን ከነማቀፊያው ያቀብላል ሌላው ይቀበላል፣ በቃ ቪዲዮው ይሄው ነው። ማይክሮሶፍት ወር ሳይሞላው ሰኔ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። እኛ ጋ በ24 ሰዓት አንዴ ኢንተርኔት ካላገኘህ ቢባል እኮ አስበው፣ ኔትወርክ ተዘግቶ ወራት በከረመበት ጊዜ ጎጃም ውስጥ ስንት ማሽን ሳጥን ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ያኔ ሰው የተጫወተው በሲዲ ነው፣ ያውም እየተዋዋሰ።

አንድ ነገር ግን ለጓደኛህ ልተውለት። አቅም ካለህና ጌሙ የጥቂት ሰዎች ሥራ ከሆነ አዲስ ግዛ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። አቅም ከሌለህ ደግሞ ዩዝድ ስትገዛ ማንንም አልሰረቅክም፣ በሰላም ተጫወት።

ኮፒ ግን ሌላ ነው። ኮፒ ስትሸጥ ያንተ በእጅህ እንዳለ ነው፣ ለ10 ሰው ትሸጣለህ፣ 10 ቤት በአንድ ጊዜ ይጫወታል፣ ለሠሪው የተከፈለ ነገር የለም። የኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 ማለቴ ነው፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ውስጥ ቆጥሮታል። በፒኤስ ቱ ዘመን ሁላችንም በኮፒ ነው ያደግነው፣ እኔም ሥራ ስጀምር ሃርድ ዲስክ እየሞላሁ ሸጫለሁ፣ ከዚያ ተውኩት። በኮፒ የሚጫወትን ልጅ አልኮንነውም፣ የአንድ ኦሪጅናል ጌም ዋጋ እዚህ ስንት የቤት አስቤዛ እንደሚሸፍን አውቃለሁ። ጄልብሬክ የሆነን ማሽን፣ ኮፒ እንዲያጫውት ጥበቃው የተሰበረ ማለት ነው፣ እንደ ኦሪጅናል አድርጎ ለሰው የሚሸጠውን ግን አልምረውም። ገዢው አፕዴት አድርጎት የተጫነው ሁሉ እምቢ ሲለው ወይ ኦንላይን ሊገባ ሲል ሲታገድበት እዚህ መጥቶ የሚያለቅሰው እኔ ፊት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጓደኛህ ልምጣ። «ላንተም ዝም ተብሎ ነው የተሸጠልህ» የሚለው።

አባቴ ደምበጫ ገበያ በሬ ሲሸጥ አብሬው ሄጄ ነበር፣ 11 ወይ 12 ዓመቴ ይሆናል። በሬው ሲታይ ግሩም ነው፣ ሻኛው የቆመ፣ ቆዳው የሚያበራ። ገዢው ጥርሱን አይቶ፣ ጎኑን መታ መታ አድርጎ፣ ዋጋ ተስማምቶ ብሩን ሊቆጥር ሲል አባቴ እጁን ያዘውና «ቆይ አመሉን ልንገርህ፣ ጠዋት ደኅና ያርሳል፣ ፀሐይ ሲጠና ግን ይተኛል፣ ብትመታውም አይነሳ» አለው። እኔ በልጅነቴ በጣም ነበር የተናደድኩት፣ ምን አስለፈለፈው ብዬ። ሰውየው ትንሽ ዝም ብሎ አሰበና ዋጋ ቀንሶ ገዛው። በዓመቱ ያው ሰውዬ ጊደር ሊገዛ ፈልጎ ገበያውን ሁሉ ትቶ አባቴን ፈልጎ መጣ። እኛ ጋ በሬ ሲሸጥ አመሉ አብሮ ይነገራል፣ ይዋጋል ከሆነ ይዋጋል ይባላል፣ ሳይናገር የሸጠ ሰው በሬው አንድ ልጅ ቢወጋ የሚጠየቀው በብር ብቻ አይደለም። ታዲያ ማሽንና ሲዲ ላይ ሲሆን ይሄ ደንብ የት ሄደ?

ሕጉም ቢሆን ካባቴ ብዙ አይርቅም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። ፍርድ ቤት ለአንድ ሲዲ የሚሄድ የለም አውቃለሁ፣ ግን ዩዝድ ስለሆነ ኃላፊነት የለብኝም የሚለው ወሬ መሠረት እንደሌለው እንድታውቅ ነው። ባሕር ዳር ያለው ልጅ በድሎሃል፣ በደሉ ግን አንተ ለቡሬው ልጅ ስታስተላልፈው አይሰረዝም፣ ሰው ነው የሚቀይረው። ለነገሩ ልጁን ደውለህ ጠይቀኸዋል? ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል፣ ከሌላ ሰው እንደዚሁ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ደውልለት፣ አትሳደብ፣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት በለው።

እሽ፣ አሁን ወደ ዕቃው። አመሉን ልትናገር መጀመሪያ አመሉን ማወቅ አለብህ፣ እዚህ ላይ የምፈራልህ ነገር አለ። አንተ «አንዱ ሲዲ» እያልክ ጥፋቱን ሲዲው ላይ ጥለኸዋል። እኔ እንጃ። ፒኤስ ፎር እንደ ፒኤስ ቱ አይደለም፣ ጌሙን ሲዲው ላይ እያነበበ አይደለም የሚያጫውትህ፣ መጀመሪያ ሙሉውን ሃርድ ዲስኩ ላይ ይጭነዋል፣ ከዚያ በኋላ ሲዲው የሚያስፈልገው በዋናነት ሲዲው እጅህ ላይ እንዳለ ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ጌም መሀል ላይ ቀጥ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ ወይ ማሽኑ በአቧራ ታፍኖ ይሞቃል። ይሄን ሳታጣራ ሲዲውን በግማሽ ዋጋ ሸጠህ ማሽኑን «አንድም ችግር የለበትም» ብለህ ብትሸጠው ሳታስበው ትልቁን ጉድለት ደብቀህ ትንሹን ተናገርክ ማለት ነው።

እንዲህ አድርግ። ጌሙን ከሃርድ ዲስኩ ላይ አጥፋው፣ ሴቭህን፣ ጌሙ ላይ የደረስክበትን ማለቴ ነው፣ ግን በፍላሽ ያዝ። ከዚያ ሲዲውን አስገብተህ እንደ አዲስ ጫነው። መጫኑ የሆነ ፐርሰንት ላይ ደርሶ ከተገተረ ወይ ኤረር ካመጣ ሲዲው ነው ወይ ሲዲውን የሚያነበው ሌዘር ነው፣ ሌላ ሲዲ ጭነህ ታወዳድረዋለህ፣ ሌላው በደንብ ከገባ ጥፋቱ የሲዲው ነው። እስከ መጨረሻው በደንብ ተጭኖ ስትጫወት ግን እንደበፊቱ ቀጥ ካለ ሲዲው ንጹሕ ነው፣ ማሽኑ ነው የታመመው።

ሲዲውንም በዓይንህ እየው። አምፖል ሥር ቁምና ጀርባውን ወደ መብራቱ አዘንብለው፣ ቀስ እያልክ አዙረው። ከመሀል ቀዳዳው ወደ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የወረደ ጭረት ብዙም አያስፈራም፣ ማሽኑ ዘሎት ያልፋል። ክቡን ተከትሎ የዞረ ጭረት ነው ክፉው፣ እሱ ብዙ ጊዜ ሲዲው እየተሽከረከረ ማሽኑ ሲነቃነቅ የሚመጣ ነው። ጣትህን ካስነካኸው በጥጥ ጨርቅ ከመሀል ወደ ውጭ ጥረገው፣ ዙሪያውን አትሽው። ደግሞ በናትህ በጥርስ ሳሙና እንዳትወለውለው። ይሄ ምክር ከድሮ ሲዲ የመጣ ነው፣ በተራው ሲዲ ላይ ዳታው ያለው ከላይ ከሥዕሉ ሥር ስለሆነ ከታች ያለውን ፕላስቲክ ብትፍቀው እስከ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሽፋን አለህ። የፒኤስ ፎር ሲዲ ግን ብሉ ሬይ ነው፣ ዳታው ያለው ከታችኛው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው፣ በላዩ ያለው ጠንካራ ልባጥ ነው የሚጠብቀው። አንተ በሳሙና ስትፍቀው ጭረቱን ሳይሆን መከላከያውን ነው የምታነሳለት። ሰው እያብረቀረቀ አምጥቶ «አዲስ ነው» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይሄን ነው።

የፒኤስ ፎር ሲዲ ኮፒ ይሆን እንዴ ብለህ አትጨነቅ፣ ጄልብሬክ ባልሆነ ማሽን ላይ ኮፒ ሲዲ አይሠራም፣ ከሠራ ኦሪጅናል ነው። ሌላ ማታለያ ግን አለ። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን ቱ ለምሳሌ 2 ሲዲ ነው፣ አንዱ ዳታ ይላል አንዱ ፕሌይ ይላል፣ ለመጫን ሁለቱም ግድ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ግን ለመጫወት ፕሌዩ ብቻ ይበቃል። እና ዳታውን የጣለ ሰው ጌሙ እሱ ማሽን ላይ ሲሠራ አሳይቶህ አንዷን ሲዲ ይሸጥልሃል፣ ቤትህ ስትወስዳት አትጫንም። ሲሠራ አይቻለሁ ብለህ ትምላለህ፣ እውነትህን ነው አይተሃል። ካንተ 6 ሲዲዎች ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ካለ ሁለቱም መኖራቸውን እይ።

ደግሞ ሲዲው ውስጥ ጌሙ የሌለበት ጌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ የፒኤስ ፋይቩ ሲዲ ላይ የተጻፈው ነገር 100 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር፣ የቀረውን በኢንተርኔት አውርድ ነው የሚልህ። አዲስ አበባ ፋይበር ላለው ሰው ይሄ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ዳንግላ ወይ ሞጣ ላለ ሰው ግን ባዶ ሳጥን እንደመሸጥ ነው፣ የካርድ ገንዘቡ ከጌሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሲዲው ኢንተርኔት እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ መናገር እዚህ ጎጃም ውስጥ ዋና ነገር ነው።

11ዱ ጌሞች። እነሱን አትሽጣቸው፣ ያንተ አይደሉም። ባሕር ዳር ያለው ልጅ ሲሸጥልህም የሱ አልነበሩም።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። ፒኤስ ፎር ላይ አንድ አካውንት አንድን ማሽን ፕራይመሪ ያደርጋል፣ ፕራይመሪ የሆነው ማሽን ላይ ያ አካውንት የገዛቸውን ጌሞች ማንም ሰው በራሱ ፕሮፋይል መጫወት ይችላል፣ ኢንተርኔትም ሳይኖር። ለቤተሰብ ታስቦ የተሠራ ጥሩ ነገር ነው። አሁን ግን ሰዎች ይሄን ንግድ አድርገውታል፣ አንዱን አካውንት ለዚህ ሰው ፕራይመሪ፣ ለዚያ ሰው ሰከንደሪ ብለው እየከፋፈሉ ይሸጣሉ። ከዚያ ባለቤቱ ሌላ ማሽን ላይ ፕራይመሪ ባደረገ ቀን፣ ወይ በዌብሳይቱ በኩል ሁሉንም ማሽን ባወጣ ቀን፣ ይሄን በ6 ወር አንዴ ማድረግ ይችላል፣ አንተ ጋ ያሉት ጌሞች ላይ ቁልፍ ምልክት ብቅ ይልባቸዋል። ጌሙ አለ፣ ሃርድ ዲስክህን ሞልቶ ተቀምጧል፣ ግን አይከፈትም። ለማን አቤት ትላለህ? ሶኒ ጋ ብትጽፍ አካውንት መሸጥም ማስተላለፍም ውሉ ይከለክላል፣ አንተን አያውቅህም።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄ ነው ወንድሜ። ላሟን ከነጥጃዋ ሸጥኩልህ ብሎ ገመዱን ግን እጁ ላይ ጠቅልሎ ይዞታል፣ በፈለገ ቀን ይስባታል።

እዚህ ላይ ለሠሪዎቹ ሲያስብ ለነበረው ጓደኛህ አንድ ነገር ንገርልኝ፣ ማን የማንን ላብ እየበላ እንደሆነ በደንብ ያስብ። ዲጂታል ስትገዛ «ግዛ» የሚል ቁልፍ ተጭነህ ሙሉ ዋጋ ትከፍላለህ፣ የምታገኘው ግን የመጫወት ፈቃድ ብቻ ነው፣ መሸጥ፣ ማውረስ፣ ለወንድምህ መስጠት አይቻልም። ፈረንሳይ ውስጥ የሸማቾች ማኅበር ስቲም የሚባለውን የዲጂታል ጌም ሱቅ ከሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ዲጂታል ጌምም ተመልሶ መሸጥ አለበት የሚል ፍርድ አግኝቶ ነበር፣ በ2022 ይግባኝ ሰሚው ሻረው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የምትሰጡት ፈቃድ ብቻ ከሆነ ለገዢው በግልጽ ንገሩት የሚል ሕግ አላት። ይሄ ያባቴ ነገር ነው፣ አመሉን ንገረው ነው የሚለው ሕጉ። ሲዲም ቢሆን አንዳንዴ አያድንም፣ ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጌም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ያለ ሰርቨር የማይሠራ ነበር፣ አሳታሚው ዩቢሶፍት መጋቢት 2024 ላይ ሰርቨሩን ዘጋው፣ በእጃቸው ሲዲው ያለ ሰዎች ሁሉ ፕላስቲክ ይዘው ቀሩ። እንዲህ ያለ የሞተ ሲዲ ዛሬም የሚሸጥ ሰው አለ፣ ማቀፊያው ስላማረ ብቻ።

በተቃራኒው ደግሞ ሲዲ ብቻ ያዳነው አለ፣ ፊፋ 23ን ዛሬ ከዲጂታል ሱቅ ልግዛ ብትል አታገኘውም፣ ኢኤ ስሙን ሲቀይር በ2023 አወረደው። በሲዲ ያለው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይጫወታል፣ ፕሌይስቴሽን ቤቶችም በሱ እየሠሩ ነው። ካለህ በርካሽ አትስጠው።

ስለ ተሰረቀ ዕቃ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ 12 ዓመት የሚሆነው ልጅ መጣ፣ 3 ሲዲ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ማቀፊያ የላቸውም። ወረቀቱ ላይ የሒሳብ የቤት ሥራ አለ፣ ግማሹ ተሠርቶ። ሲዲዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ አንድም ጭረት የላቸውም፣ ልጁ ግን ዋጋ አልጠየቀም፣ «ስንት ትሰጠኛለህ» እንኳ አላለም፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። የማን ናቸው አልኩት፣ የኔ አለኝ። የትኛውን ነው የምትወደው ስለው ስማቸውን አያውቀውም። እናቱን አስጠራሁ፣ ባሕር ዳር የሚማረው የአጎቱ ልጅ ለክረምት መጥቶ ሻንጣው ውስጥ ያስቀመጣቸው ነበሩ። እናቱ ልትመታው ስትል ያዝኳት፣ ልጁ ሲዲዎቹን ራሱ መልሶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተስማማን። እኔ ዝም ብዬ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ የአጎቱ ልጅ ይከስር ነበር፣ ይሄኛው ደግሞ በ12 ዓመቱ መስረቅ እንደሚያዋጣ ተምሮ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከልጅ ላይ ያለ ወላጅ አልገዛም፣ 10 ብር ቢሆንም።

ሕጉም እዚህ ላይ ጠንካራ ነው፣ ሳታውቅ እንኳ የተሰረቀ ዕቃ ብትገዛ ባለቤቱ መጥቶ ሊወስድብህ ይችላል፣ እያወቅክ ከገዛህ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ድሮ ከብት ስትገዛ ዋስ ጥራ ይባል ነበር እኮ፣ ሻጩ የማይታወቅ ከሆነ። ለማሽንም አድርገው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፣ መታወቂያውን እየው፣ የማሽኑን ሰሪያል ቁጥር ጽፈህ ሁለታችሁም ፈርሙ። አንተም ስትሸጥ ገዢህ ይሄን ከጠየቀህ እንዳትቀየም፣ ደስ ይበልህ።

ዋጋን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ አንድ ነገር ብቻ። የሚገዛ ሰውም ኃላፊነት አለበት። እዚህ ማርቆስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 2 ሲዲ ይዞ ይመጣል፣ ስንት ብዬ ስጠይቀው «የፈለግከውን ስጠኝ» ይለኛል። ይሄ ቃል የቸገረው ሰው ቃል ነው፣ ትራንስፖርት አጥቶ ነው ወይ ቤት ኪራይ ደርሶበት። አንድ ጊዜ እንዲህ ካለኝ ልጅ ላይ በሩብ ዋጋ ገዝቻለሁ፣ በሳምንቱ በ3 እጥፍ ሸጥኩት፣ እስካሁን ፊቱ ይመጣብኛል። አሁን እንደዚያ ሲለኝ የገበያውን ዋጋ እነግረዋለሁ፣ ወይ ሲዲውን መያዣ አድርጌ ብሩን አበድረዋለሁ። ብዙዎቹ ተመልሰው ይወስዱታል።

ስለዚህ ስትሸጥ ምን ትላለህ? እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «ፒኤስ ፎር፣ ዩዝድ፣ እኔ ሁለተኛ ባለቤት ነኝ። 6 ሲዲ አለው፣ 5ቱ ተፈትነው ይሠራሉ፣ አንዱ ጌም መሀል ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱ ይሄ ነው። ውስጡ ምንም ጌም የለም፣ አጥፍቼዋለሁ። ጄልብሬክ አይደለም። መጥታችሁ አንድ ሰዓት ተጫውታችሁ ግዙ።» አንድ ሰዓት ያልኩት በምክንያት ነው፣ የሚሞቅ ማሽን በ10 ደቂቃ አይታወቅም። ጆይስቲኩንም ሳትነካው ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ተናገር፣ እሱ የሁሉም ሰው ችግር ስለሆነ ማንም አይሸሽህም። ዋጋህ ይቀንሳል፣ አዎ። 11ዱን ጌም ቆጥረህ የከፈልከው ብር ካለ እሱን ከባሕር ዳሩ ልጅ ጋር ጨርስ እንጂ ከገዢህ ላይ አትፈልገው።

የራስህን አካውንት ከማሽኑ ላይ ፕራይመሪነቱን አንሳ፣ ከዚያ ከሴቲንግ ገብተህ ኢኒሻላይዝ አድርገው፣ ውስጡን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያደርገዋል። ፎቶህም መልእክትህም እንዳለ ነው ያለው ካላጠፋኸው፣ ኢኒሻላይዝ ማድረጉ የሌላውን ሰው አካውንትም አብሮ ያጠፋልሃል። ሰው ማሽን ሲሸጥ ይሄን እየረሳ የስንቱን የግል ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይቼ ዓይኔን አዙሬአለሁ።

ሌዘሩ ነው ብለህ ከጠረጠርክ ደግሞ እዚያው ለማንም እንዳትሰጠው። የፒኤስ ፎር ሲዲ ማንበቢያ ላይ ያለው ቦርድ ከዋናው ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው፣ ከሌላ ማሽን ነቅለው ቢገጥሙልህ አያነብም፣ የራሱን ቦርድ ትተው ሌዘሩን ብቻ ነው መቀየር ያለባቸው። ይሄን የማያውቅ ጠጋኝ ኦሪጅናል ቦርድህን ከጣለው አለቀ፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ሲዲ አያይም። ቅዳሜ ወደ ማርቆስ የምትመጣ ከሆነ 6ቱንም ሲዲ ከነማሽኑ ይዘህ ና፣ ገመዱንም አትርሳ፣ ሳይጠፋ እንዳለ አምጣውና ሃርድ ዲስኩን አብረን እናየዋለን፣ ለማየት አላስከፍልህም።